ልብ የሚበተነው ከጸሎቱ በፊት ነው

ጥያቄ፦ «ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ የሁለት ልጆች እናትና የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል የምነሣው ለመጸለይና መጽሐፍ ቅዱስ ለማንበብ ነው። ግን ‹ሰዓት ልይ› ብዬ ስልኬን አነሣለሁ፤ ቀና ስል ሃያ አምስት ደቂቃ አልፏል። በተረፈችው ጊዜ ስጸልይ ሐሳቤ ወደ ቢሮ ይሄድብኛል። ባስተዋልኩ ቁጥር ደንግጬ ጸሎቱን እንደገና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ፤ አንዳንድ ቀን አራት ጊዜ ጀምሬ አንዴም አልጨርስም። በአጥቢያዬ የልጆችን ትምህርት አስተባብራለሁ፤ ማታ ማታ የአገልግሎቱ መልእክት አያልቅም። መተግበሪያዎቹን ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ሦስት ጊዜ መልሻቸዋለሁ። እምነት፣ ቤተሰብ፣ ሥራ፣ የማታ ትምህርት፣ አገልግሎት፤ ሁሉም ቅድሚያ የምሰጣቸው ናቸው፤ አንዱንም በቅጡ አልያዝኩም። እምነቴ ደክሞ ይሆን? ደግሞስ ትንሿ ልጄ በጸሎት ሰዓት ተነሥታ ስትጠራኝ ምን ላድርግ?»

መልስ፦

እኅቴ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ ልቤን የያዘው ድካምዎ ነበር። በሁለተኛው ግን «ሰዓት ልይ ብዬ» የምትለዋ ሐረግ ላይ ቆምኩ። የነገሩ ቋጠሮ ያለው እዚያች ላይ ይመስለኛል።

አስቀድሜ ሥጋትዎን ላቃልል። እምነቱ የደከመ ሰው ገና ሳይነጋ አይነሣም፤ ቢነሣም አንድን ጸሎት አራት ጊዜ አይጀምርም። እኔ የሥነ ልቦና አማካሪ እንጂ የነፍስ አባት አይደለሁም፤ የእምነትዎን ጥልቀት የመለካት ሥልጣን የለኝም። ስለ ትኩረት አሠራር ግን ለዓመታት ስሠራበት ያየሁት አለ፤ ያየሁትም እርስዎ ያለ ቦታው እየተዋጉ መሆኑን ይነግረኛል። ተንበርክከው ዓይንዎን ሲጨፍኑ ነገሩ አስቀድሞ ተወስኗል። የተወሰነው ከሃያ አምስት ደቂቃ በፊት ነው፤ ከዚያም አልፎ ትናንት ማታ፣ ስልኩን ትራስዎ አጠገብ ሲያኖሩት።

ሶፊ ለሮይ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት፣ ሰዎች አንድን ሥራ ሳይጨርሱ ወደ ሌላው ሲሻገሩ የሚሆነውን አሳይታለች። ሰውዬው ፋይሉን ዘግቷል፣ አዲሱን ከፍቷል፤ ከአእምሮው ግን ከፊሉ እዚያው የመጀመሪያው ሥራ ላይ ቀርቷል። ይህን «የትኩረት ቅሪት» ብላዋለች። ቅሪቱ በበዛ መጠን ቀጥሎ የመጣው ሥራ ይጎዳል።

የእርስዎን ሃያ አምስት ደቂቃ እስቲ በዚህ ዓይን እንየው። ስልኩን የሚያነሡት ለሰዓቱ ነው። ከሰዓቱ ቁጥር ሥር ግን ማሳወቂያዎች ተደርድረዋል። አንዱ ከኃላፊዎ ሊሆን ይችላል፤ «ነገ እንነጋገርበት» ይላል፣ ስለ ምን እንደሆነ አይልም። ሁለተኛው ከአገልግሎት ቡድኑ ነው፤ አንድ መምህር እንደማይመጣ ይነግርዎታል፣ ማን እንደሚተካው አይነግርዎትም። ሦስተኛው የማያውቁት ሰው የሚያለቅስበት ወይም የሚስቅበት ቪዲዮ ነው። ሁሉም ይከፈታሉ፤ የሚዘጋ የለም። ለኃላፊዎ በዚያ ሰዓት አይደወልም፣ ተተኪ መምህር በዚያ ሰዓት አይገኝም። ከዚያ ስልኩን ይደፉትና ይንበረከካሉ። የደፈረሰ ውኃ እስኪጠልል ጊዜ ይፈልጋል፤ እርስዎ ግን ገና እየተናጠ ሳለ በውስጡ ፊትዎን ለማየት ጎንበስ ብለዋል። ያኔ «እምነቴ ደክሞ ይሆን» ማለትዎ አይገርመኝም፤ ፍርዱ ግን ትክክል አይደለም።

«ለምን ታዲያ እጄ ይሄዳል?» ይሉኝ ይሆናል። ስኪነር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እርግቦችን ቁልፍ በመንቆር ጥሬ እንዲያገኙ አለማምዶ ነበር። ጥሬው በነቆረች ቁጥር ሳይሆን አንዳንዴ፣ መቼ እንደሆነ በማይታወቅ ሁኔታ ሲመጣ፣ ርግቧ ያለ ዕረፍት ትነቁራለች፤ መምጣቱ ቢቋረጥ እንኳ ቶሎ አትተውም። የስልክዎም ጠባይ ይኸው ነው። ዘጠኝ ጊዜ ከፍተው ምንም የለም፤ በዐሥረኛው ልብ የሚያሞቅ መልእክት አለ። ዘጠኙን ባዶ መክፈት የሚያስከፍትዎት ያ ዐሥረኛው ነው። በዚያ ላይ ገጹ ድሮ ግርጌ ነበረው፤ ሰው ግርጌው ላይ ሲደርስ ይቆም ነበር። አዛ ራስኪን የተባለ የኮምፒውተር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2006 ማለቂያ የሌለውን ገጽ ነደፈ፤ በኋላም መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል። ገና እንቅልፍ ያልለቀቀው ሰው ብቻውን ተኝቶ ሳለ ይህን ሁሉ በፈቃዱ ብርታት ያሸንፋል ብዬ አልመክርም። እኔም አላሸንፈውም። ስለዚህ የምተኛበት ክፍል ውስጥ ስልክ የለም፤ ያለው በባትሪ የሚሠራ፣ ሲጮህ የሚያስቀይም ተራ የማንቂያ ሰዓት ነው። ሰዓት ከማሳየት በቀር ምንም አያውቅም፤ የምወደውም ስለዚሁ ነው።

መተግበሪያዎቹን ሦስት ጊዜ አጥፍተው ሦስት ጊዜ የመለሱበት ምክንያትም ሩቅ አይደለም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ርኩስ መንፈስ ከሰው ወጥቶ ዞሮ ሲመለስ ቤቱ ተጠርጎ፣ አጊጦ ያገኘዋል፤ ባዶም ሆኖ። ሌሎች ሰባት መናፍስት ይዞ የገባው ባዶ ስለነበረ ነው። ሰው ይህን ክፍል ሲያነብ ቁጥር ሰባቱን ያስታውሳል፣ ባዶነቱን ይዘላል። እርስዎም ቤቱን በሚገባ ጠርገዋል፤ የወጣው በወጣበት ሰዓት ማን እንደሚገባ ግን አልወሰኑም። «ስልክ አልነካም» የሚለው ውሳኔ እጅን ባዶውን ይተዋል። ባዶ እጅ ደግሞ የለመደውን ይፈልጋል።

ፒተር ጎልዊትዘር የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ በ1990ዎቹ ደጋግሞ ያሳየው አንድ ቀላል ነገር አለ። «ብዙ እጸልያለሁ» የሚለው ምኞት ብቻውን እጅግም አያራምድም፤ «ይህ ሲሆን ይህን አደርጋለሁ» ተብሎ ቦታውና ጊዜው ሲቆረጥለት ግን የመፈጸም ዕድሉ ጎላ ብሎ ይጨምራል። ምክንያቱም ሰውየው በወሳኙ ሰዓት አዲስ ውሳኔ አይጠበቅበትም። ለእርስዎ እንዲህ ልጻፈው፦ «ማንቂያው ሲጮህ ተነሥቼ አጠፋዋለሁ፤ እግሬ ወለል እንደ ነካ ወደ ወንበሩ እሄዳለሁ፤ የተከፈተውን መጽሐፍ የመጀመሪያ ቁጥር ድምፄን አውጥቼ አነባለሁ።» ማንቂያው ከአልጋው በሦስት እርምጃ ርቆ ይቀመጥ። መጽሐፉ ማታውኑ የሚነበበው ገጽ ላይ ተከፍቶ ይደር። «ምን ላንብብ?» ብሎ ማገላበጥ በዚያ ሰዓት ትልቅ ሥራ ነው፤ ትልቅ ሥራ የገጠመው ሰው ደግሞ ስልኩን ይናፍቃል። ድምፅ ማውጣቱንም ቀላል አያድርጉት፤ አፍና ጆሮ አንድ ላይ ሲሠሩ ሐሳብ የሚሾልክበት ቀዳዳ ይጠብባል።

ስልኩ ወጣ እንበል። ሐሳቡ ግን ከእርስዎ ጋር ክፍሉ ውስጥ ቀርቷል። ሁሉን ነገር በስልክ የምናሳብብ ሰዎች የምንረሳው ይህን ነው። በአራተኛው መቶ ዓመት በግብፅ በረሃ የኖረው መነኩሴ ኤቫግሪየስ ስለ አንድ የመታከት መንፈስ ጽፏል። ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት መነኩሴውን ይከበዋል፤ ፀሐይዋ የቆመች፣ ቀኑም ሃምሳ ሰዓት የሆነ ይመስለዋል። ሰውየው ደጋግሞ ወደ መስኮቱ ያያል፣ ከበኣቱ ወጣ ብሎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምን ያህል እንደቀረ ፀሐይዋን ይለካል፣ ምናልባት ከወንድሞች አንዱ ብቅ ይል እንደሆነ ግራ ቀኝ ይቃኛል። ስልክ የለ፣ መብራት የለ፣ ጎረቤት የለ። እንዲያም ሆኖ ያቺ ወደ መስኮት የምትሰረቅ ዓይን የእርስዎና የእኔ ዓይን ናት።

በእኛ ዘመንም ማቲው ኪሊንግስወርዝና ዳንኤል ጊልበርት እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት 2,250 ጎልማሶችን በተለያየ ሰዓት በስልካቸው «አሁን ምን እያሰቡ ነው?» ብለው ጠይቀው፣ ከመልሶቹ 46.9 በመቶ በሚሆኑት የሰዎቹ ሐሳብ ከሚሠሩት ሥራ ውጪ ሆኖ አግኝተውታል። የእርስዎ አእምሮ በጸሎት ላይ የሚያደርገውን፣ የሌላው ሰው አእምሮ በምግብ ላይም በጉዞ ላይም ያደርገዋል። ሙስሊም ደንበኞቼም በሶላት መካከል ኹሹዕ፣ ማለትም የልብ መሰብሰብ፣ ማጣታቸውን በእንዲህ ያለው ቃል ነው የሚያወሩልኝ፤ ስሙን ብንቀይረው ደብዳቤዎ የእነርሱ ይሆን ነበር።

አሁን በጣም ወደምጠነቀቅለት ነገር ልምጣ፦ ከመጀመሪያው መጀመርን ይተዉ።

ሐሳብዎ መሄዱን ባወቁበት ቅጽበት ከቆሙበት ቃል ይቀጥሉ፤ ወደ ኋላ አይመለሱ፤ ይቅርታም እየደጋገሙ አይጠይቁ። አማርኛችን ለትኩረት ያለው ቃል ይህን ያውቃል፤ ልብን እንሰበስባለን እንላለን። የሚሰበሰብ ነገር ተበትኖ የነበረ ነው። በአንድ ጸሎት ውስጥ ሐሳብዎ ሃያ ጊዜ ቢሄድና ሃያ ጊዜ ቢመልሱት፣ ከሃያ ውድቀት ይልቅ ሃያ መመለስ ብለው ይቁጠሩት። እንደገና ከመጀመሪያው መጀመር ግን መመለስ አይደለም። ያ «ፍጹም ካልሆነ አይቆጠርም» የሚል ሌላ ነገር ነው፤ እያደርም ይከብዳል። እርስዎ አራት ጊዜ ብለዋል። ቁጥሩ እየጨመረ ከሄደ፣ ካልደገምኩት ክፉ ነገር ይመጣል የሚል ፍርሃት ከተጨመረበት፣ ወይም እርስዎ ፈጽሞ የማይፈልጓቸው የስድብ ሐሳቦች በግድ እየመጡ የሚያስጨንቁዎት ከሆነ፣ ይህ የታወቀ ሕመም ነው፤ የግዴታ ሐሳብና ድርጊት ሕመም በሃይማኖት በኩል ሲመጣ እንዲህ ይመስላል። ሕክምናም አለው። ያን ጊዜ ተጨማሪ ጸሎት የሚያዝልዎትን ሳይሆን የሥነ አእምሮ ሐኪምን ይዩ፤ አስተዋይ የነፍስ አባት ወይም መጋቢም ራሱ ወደዚያ ይልክዎታል።

ወደ ቢሮው ሐሳብ እንመለስ። ብሉማ ዜጋርኒክ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመችው ጥናት፣ ሰዎች ከጨረሱት ሥራ ይልቅ በመሐል የተቋረጠባቸውን አጥብቀው እንደሚያስታውሱ ጽፋለች። ያላለቀ ነገር በር ያንኳኳል። ማሲካምፖና ባውማይስተር የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ግን ለእኛ ይበልጥ ይጠቅማል፦ ማንኳኳቱን ለማስቆም ሥራውን መጨረስ ግድ አይደለም፤ መቼና እንዴት እንደሚሠራ ቁርጥ ያለ ዕቅድ ማውጣት ብቻውን አእምሮን ያሳርፋል።

ስለዚህ ከመጽሐፉ ጎን የመዳፍ ያህል ወረቀትና እርሳስ ያኑሩ። ሐሳብ ሲመጣ አይታገሉት፣ አንድ መስመር ይስጡትና ይመለሱ። ነገር ግን ርእሱን ብቻ አይጻፉ። «የወር መዝጊያ ሒሳብ» ብሎ መጻፍ ሐሳቡን ያባብሰዋል። «የወር መዝጊያ ሒሳብ፣ ዛሬ 3 ሰዓት ላይ፣ መጀመሪያ የባንኩን መግለጫ አወጣለሁ» ሲሉት ይተኛል። የእኔን የትናንት ወረቀት ላሳይዎት። ሦስት መስመር አለው። «የውኃ ክፍያ፣ ከምሳ በፊት።» «ጥርስ ሐኪም፣ 4 ሰዓት ላይ ደውዬ ቀጠሮ አዛውራለሁ።» ሦስተኛው «ያን ቃል ለምን ተናገርኩ?» ይላል። ከዚህኛው ጎን ሰዓት ለመጻፍ እርሳሴን አንሥቼ ቆምኩ። ከወንድሜ ጋር የተነጋገርነው ነገር ነበር። መዛዘናችንን ለሦስት ቀን «ከጸሎት የሚያዘናጋኝ ሐሳብ» እያልኩ ሳባርረው ከርሜ ኖሯል። ጌታ በተራራው ስብከቱ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሄደህ ከወንድምህ ታረቅ ሲል፣ መባውን ይዞ መሠዊያው ፊት የቆመው ሰው ወንድሙ ትዝ ማለቱን እንደ መዘናጋት አልቆጠረበትም። አንዳንዱ ሐሳብ ሲባረር የሚመለሰው የዕለቱ ጸሎት ራሱ እርሱ ስለሆነ ነው። ወረቀቱ ከሚጠቅምባቸው ነገሮች አንዱ ይህን መለየቱ ነው፤ የውኃ ክፍያ ሲጻፍ ይሄዳል፣ ወንድም ሲጻፍ አይሄድም።

አሁን የማይወዱትን ልንገርዎት። ከደብዳቤዎ እንደተረዳሁት ከእምነትዎ በብርቱ የሚያባክንዎት ቪዲዮው አይደለም፣ አገልግሎትዎ ነው።

የማርታን ታሪክ ያውቁታል። ማርታ በዝሙት ወይም በገንዘብ ፍቅር አልተያዘችም፤ ቤቷ የገባውን ጌታ እያስተናገደች ነበር። ሉቃስ በምዕራፍ 10 ስለ እርሷ የጻፈው የግሪክ ቃል ወደዚህም ወደዚያም መጎተትን የሚያሳይ ነው። ነባሩ የአማርኛ ትርጉም ደግሞ «አገልግሎት ስለ በዛባት ባከነች» ብሎ አስቀምጦታል፤ እኔ ከዚህ የተሻለ አተረጓጎም አላየሁም። ውኃ ይባክናል፣ ገንዘብ ይባክናል፤ ሁለቱም ሲባክኑ ጥሩ ነገር ነበሩ። የኳስ ጨዋታ አስተላላፊዎች እንኳ ለጠፋው ጊዜ «የባከነ ሰዓት» ብለው ይጨምራሉ፤ ለእኛ የሚጨምርልን ዳኛ አለመኖሩ ነው ልዩነቱ። ማርታን ያባከናት አገልግሎቱ ሳይሆን የአገልግሎቱ መብዛት ነው፤ ቃሉ «ስለ በዛባት» ይላል። ማታ 4 ሰዓት ላይ ስለ ልጆች መዝሙር ወረቀት የሚመጣ መልእክት ቅዱስ ይመስላል፤ ስለዚህም እንደ ተራ ወሬ አይዘጋም፤ ስለዚህም ከተራ ወሬ የበለጠ ይገባል። የዘር ምሳሌውን ያስታውሱ፤ እሾኹ ዘሩን የነቀለው አልነበረም፣ አብሮት አድጎ አነቀው እንጂ።

መፍትሔው አገልግሎቱን መተው አይደለም፣ ድንበር ማበጀት ነው። ነህምያ ቅጥሩን ሲሠራ ጠላቶቹ «ና በሜዳው እንገናኝ» እያሉ አራት ጊዜ ላኩበት። እርሱም ትልቅ ሥራ እየሠራሁ ነውና ልወርድ አልችልም አለ። እኔን የሚገርመኝ መልሱ አይደለም፤ አራቱንም ጊዜ ያንኑ መልስ መመለሱ ነው። እኛ ሁለተኛው መልእክት ሲመጣ አዲስ ምክንያት መፈለግ እንጀምራለን፤ «ትንሽ ስላመመኝ»፣ «እንግዳ ስላለ»። ምክንያት የሚፈልግ ሰው በሦስተኛው ይሸነፋል። ቅጥሩ በ52 ቀን ተፈጸመ።

ለእርስዎ ቡድን የሚሆን መልእክት ይኸውና፦ «ወንድሞችና እኅቶች፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ የሚላክልኝን በማግስቱ ቀን 6 ሰዓት ላይ አይቼ እመልሳለሁ። በጣም አስቸኳይ የሆነ ነገር ካለ ይደወልልኝ።» አንዴ ይላኩት። ሰው ሲረሳ ያንኑ ቃል በቃል ይድገሙት። በመጀመሪያው ሳምንት የሚያኮርፍ አይጠፋም፤ በሁለተኛው ከሚደወሉት ይልቅ የማይደወሉት ይበዛሉ፤ ያን ጊዜ ምን ያህሉ አስቸኳይ እንደነበረ ራስዎ ያያሉ። ለጌታም ቢሆን ይኸው ደርሶበታል። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ገና ሌሊት ሳለ ተነሥቶ ወደ ምድረ በዳ ሄደ፣ በዚያም ጸለየ። ስምዖንና ጓደኞቹ ተከታትለው አገኙትና «ሁሉ ይፈልጉሃል» አሉት። እውነት ነበር፤ በዋዜማው ምሽት ከተማው ሁሉ በሽተኞቹን ይዞ ደጅ ላይ ተሰብስቦ ነበር። እርሱ ግን ወደ ሌሎቹ መንደሮች እንሂድ አለ። የሚፈልጉት ሰዎች መኖራቸው ብቻውን መንገዱን አላስቀየረውም።

አምስት «ቅድሚያ የምሰጣቸው» ነገሮች ዘርዝረውልኛል። አምስት ሰዎች በአንድ ጠባብ በር አንደኛ ሆነው አይገቡም፤ ቢጋፉ በሩ ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ፣ እርስዎ አሁን ያሉት እዚያ ነው። ከአምስቱ አንዱን ለዚህ ወቅት ዝቅ ማድረግ ይኖርብዎታል። የትኛውን እንደሆነ ከሩቅ ሆኜ መወሰን ባልችልም አንድ ጥያቄ ልስጥዎት፦ ለሦስት ወር ባቆመው ከስሜ በቀር ማን ይጎዳል? ልጆችዎን በዚህ ጥያቄ ውስጥ ሊያስገቡ አይችሉም፤ ደመወዝዎንም። የማታ ትምህርቱን አንድ ወሰነ ትምህርት ማዘግየት፣ ወይም የማስተባበሩን ሥራ ከሌላ ሰው ጋር ለሁለት መካፈል ግን ይቻል ይሆናል። ባለቤትዎ ካሉ አብረው ይመልሱት፤ ሌላ ሰው የእኛን አስፈላጊነት ከእኛ አሳንሶ ስለሚያየው መልሱ ለእውነት የቀረበ ይሆናል።

ስለ እንቅልፍ አጭር ቃል። ማታ 5 ሰዓት ተኩል የሚተኛና 11 ሰዓት ተኩል የሚነሣ ሰው ያገኘው ስድስት ሰዓት ነው፤ ለጎልማሳ ቢያንስ ሰባት ይመከራል። እንቅልፍ ያጣ አእምሮ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጥለው ትኩረትን ነው። እግዚአብሔር ለደከመው ኤልያስ መጀመሪያ የሰጠው እንቅልፍና እንጎቻ መሆኑን አልረሳም፤ ድምፁን ያሰማው ከዚያ በኋላ ነው። ቀድመው መተኛት ካልቻሉ ዘግይተው ይነሡ፤ ነቅተው የሚጸልዩት ዐሥር ደቂቃ እያንቀላፉ ከሚገፉት ዐርባ ይበልጥብኛል። ከልጅነትዎ ጀምሮ በትምህርትም በሥራም በወሬም መካከል ትኩረት የማይጸናልዎ ከሆነ ደግሞ የጸሎት ጉዳይ ስላልሆነ ሐኪም ይዩት።

ይህ ልማድ እስኪሆን ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት 96 ሰዎችን ተከታትለው ነበር፤ አዲስ ነገር ያለ ትግል ወደመሥራት እስኪለወጥ በአማካይ 66 ቀን ፈጅቷል፣ ለአንዳንዱ 18፣ ለሌላው እስከ 254። ለእርስዎ የሚጠቅመው ሌላው ግኝታቸው ነው፤ አንድ ቀን መዝለል ሂደቱን አላበላሸውም። እርስዎ ግን አንድ ቀን ስልኩ ሲያሸንፍዎት ሙሉውን ውሳኔ የሚጥሉ ሰው ይመስሉኛል፤ አራት ጊዜ ከመጀመሪያ የሚጀምሩትም እርስዎው ናቸውና። ማክሰኞ ካመለጠ ረቡዕን ከቆሙበት ይቀጥሉ፤ ማክሰኞን ለመካስ ረቡዕን እጥፍ አያድርጉ።

የልጅዎ ጥያቄ ቀረ። ለመጨረሻ ያቆየሁት ስለ ትኩረት ይህን ሁሉ ከጻፍኩ በኋላ ትኩረት ራሱ የሚያሳውር ጊዜ እንዳለ መንገር ስላለብኝ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1973 ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በፕሪንስተን የሥነ መለኮት ተማሪዎች ላይ ያደረጉትን ሙከራ አሳተሙ። ተማሪዎቹ አጭር ንግግር እንዲያደርጉ ወደ ሌላ ሕንፃ ይላካሉ፤ ከፊሎቹ የሚናገሩት ስለ ደጉ ሳምራዊ ነው። በመንገዳቸው ላይ አንድ ሰው በር ሥር ተጎንብሶ እያሳለ እያቃሰተ ይጠብቃቸዋል። «ጊዜ አለህ» ከተባሉት 63 በመቶው፣ መጠነኛ ጥድፊያ ከነበረባቸው 45 በመቶው፣ «ዘግይተሃል፣ ፍጠን» ከተባሉት ደግሞ 10 በመቶው ብቻ ረዱ። ሊናገሩ የሄዱበት ርእስ ደጉ ሳምራዊ መሆን አለመሆኑ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላመጣም። ሳምራዊውን በልቡ እየደገመ የወደቀውን ተራምዶ ያለፈ ሰው ትኩረቱን አልሳተም፤ ያጣው ጊዜውን ነው።

ስለዚህ ልጅዎ ስትጠራዎት ይሂዱ። ጌታ ወደ ኢያኢሮስ ቤት፣ ወደምትሞት ልጅ እየተጣደፈ ሳለ ልብሱን የነካችውን ሴት ፈልጎ ቆሟል። ፊት ለፊትዎ የቆመ፣ መጠበቅ የማይችል ሰው ከማሳወቂያ ድምፅ ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም። በየማለዳው የምትነሣ ከሆነ ግን እያባበሉ ወደ አልጋ ለመመለስ ሃያ ደቂቃ አይፍጁ። ከወንበርዎ ጎን ትንሽ ትራስና አንድ ብርድ ልብስ ማታውኑ ያዘጋጁላት። ስትመጣ አጠገብዎ ያስቀምጧት፣ ልብሱን ያልብሷት፣ ካቆሙበት ቁጥር ድምፅዎን ዝቅ አድርገው ይቀጥሉ። ምናልባት እየሰማች መልሳ ትተኛለች። ምናልባትም «ይህ ማን ነው?» ብላ ትጠይቅዎታለች፤ ያን ጊዜ መጽሐፉን ጉልበትዎ ላይ ያኑሩና ይንገሯት።